ጉምቦ ስንት ሰዓት ነው?

ስልክ ያስቸገረው ሐበሻ የሚወስዳቸው እርምጃዎች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ መዳፉ ላይ መታ መታ ያደርገዋል። አልሰማ ካለው አጥፍቶ ያበራዋል። ሦስተኛ፣ የሠራውን አገር ከነመሪው ይራገማል። በመጨረሻ አጠገቡ ለተገኘ፣ ዕድሜው ከሃያ በታች ለሆነ ማንኛውም ሰው ያስረክበዋል። አምስተኛ እርምጃ አለ ቢሉት አያምንም። እሱም የሆነውን ነገር፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ለሠሪው መንገር ነው። «ማን ሊሰማኝ?» ይላል። ቀበሌ ያልሰማውን ሰው ካሊፎርኒያ ሊሰማው?

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ኦፕን ሶርስ በሚባለው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነው የሶፍትዌር ዓለም፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው «እባካችሁ ሞክራችሁ ንገሩን» እያሉ ደጅ ይጠናሉ። ባለሙያው የጻፈውን በራሱ ማሽን ይሞክራል፤ በራሱ ማሽን ላይ ደግሞ የማይሠራ ነገር የለም። ወጥ ስትሠራ የዋለች ሴት ምላሷ ጨውን ስለሚለምደው ጎረቤቷን ጠርታ፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ «እስቲ ቅመሽልኝ» ትላለች። እነዚህም የሚፈልጉት ሌላ ቤት፣ ሌላ ማሽን፣ ሌላ አየር ላይ የተሞከረ ውጤት ነው። ጎረቤቲቱ «ይጣፍጣል» ብላ ከሄደች ምንም አልጠቀመችም። ጨው አነሰው ወይስ በዛ? የተጠየቀችው እሱን ነው።

እኔ የምኖረው ጉምቦ ነው። ጁባን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ፣ የጁባን ድልድይ ተሻግሮ ከነጭ ዓባይ በስተምሥራቅ ያለው ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን እርዳታ የተሠራው የነፃነት ድልድይ ከተመረቀ ወዲህ ወንዙን የምንሻገርበት ሁለት በር አለን። ከዚህ እስከ ኡጋንዳ ድንበር፣ እስከ ኒሙሌ፣ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ተዘርግቷል። ጁባ የምትበላውና የምትለብሰው አብዛኛው ነገር የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጉምቦ ማለት ከባድ መኪና ነው፣ አቧራ ነው፣ ጎሚስታ ነው፣ የውኃ ቦቴ ነው። መኪና ባለበት ሐበሻ አለ፤ ሐበሻ ባለበት ቡና አለ፤ ቡና ባለበት ክርክር አለ። እኔ በአንድ የመለዋወጫ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። ላፕቶፕ ስላለኝ ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለኛል፤ እኔም እስካሁን አላስተባበልኩም።

በጉምቦ የሐበሻ ቡና ቤት ሰዓት መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«የማንን፣ ልጄ?»

ጋሼ የቦቴ ሹፌር ናቸው፤ መልሳቸውም የሹፈት አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ስልኮች አልተስማሙም። አንደኛው 4፡30 ይላል፤ ባለቤቱ በልቡ ስድስት ደምሮ «አሥር ተኩል» ይለዋል። ሁለተኛው 5፡30 ይላል፤ ባለቤቱ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሳለች እንዳይደውልባት ብሎ ስልኩን በአዲስ አበባ ሰዓት ትቶታል፤ ለሱ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። ሦስተኛውም 5፡30 ይላል፤ የዚህኛው ባለቤት ግን ለምን እንደሚል አያውቅም። ወደሱ እንመለሳለን።

ጣጣው የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2000 ነው። ያኔ ጁባም የሱዳን ነበረች፤ ሱዳን በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፋች። ጁባ በፀሐይ ብትለካ ግሪንዊችን የምትቀድመው በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ግድም ነው፤ በአዋጅ ግን በ3 ሰዓት ቀደመች። ከዚያ ወዲያ ለ21 ዓመት በጉምቦ ፀሐይ የምትወጣው በኛ አቆጣጠር ወደ አንድ ሰዓት ተጠግታ ነበር። ለሐበሻ ፀሐይ 12 ሰዓት አልፏት መተኛቷ ስንፍና ነው። ሱዳን በኖቬምበር 2017 ሰዓቷን ወደ ጥንቱ መለሰች፤ ጁባ ግን ባለችበት ቆየች። በመጨረሻ የደቡብ ሱዳን መንግሥትም ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021፣ በኛው ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለስ አለ። እኩለ ሌሊት ሲሞላ ሰዓቱ ተመልሶ አምስት ሆነ፤ ያ እሑድ 25 ሰዓት ረዘመ። «እሑድ አጠረችብኝ» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲያማርር የኖረ ሠራተኛ ሁሉ ጭማሪዋን ተኝቶ አሳለፋት።

ስልኮቹስ? ስልክ አዋጅ አያነብም። ስልክ የሚያነበው አንድ መዝገብ ነው፤ የዓለም የሰዓት ቀጠናዎች ሁሉ ከነታሪካቸው ተዘርዝረውበታል። «ቲዚ ዳታቤዝ» ይሉታል። ሊኑክስ በሉት፣ አንድሮይድ በሉት፣ አይፎን በሉት፣ ሰዓት የሚበደሩት ከዚህ ነው። በ1980ዎቹ የጀመረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን የሚባል የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ባልደረባ ነው፤ ኋላ ፖል ኤገርት የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰው አስተባባሪ ሆነ። ሳተላይት የላቸው፣ ሰላይ የላቸው። ከአንድ አገር አንድ ሰው ተነሥቶ «መንግሥታችን ሰዓት ቀይሯል፣ ማስረጃው ይኸውና» ሲል መርምረው ይጽፋሉ። ደቡብ ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ «አፍሪካ/ጁባ» የሚል ስም ገባላት፤ በ2017 ሱዳን ስትለያት ደግሞ የራሷ ሐረግ ተጻፈላት። የ2021ዱን ለውጥ የያዘው እትም የወጣው ጃንዋሪ 24 ነው፤ ቀኑ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው። በስምንት ቀን ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ የጉምቦ ቦቴ ረዳት ኪስ ውስጥ መግባት ለሰውም ይከብዳል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ስልክ። ባለቤቱ የጋሼ ረዳት ነው። በ2021 ስልኩ አፕዴት አላገኘም ነበርና አንድ ሰዓት እየቀደመ ሲያስቸግረው ዝርዝሩን ከፍቶ ሰዓቱ የገጠመለትን ከተማ መረጠ፤ ካይሮ። በሰላም ኖረ። በኤፕሪል 2023 ግብጽ ለዓመታት ትታው የነበረውን የበጋ ሰዓት መልሳ አወጀች። የረዳቱ ስልክ ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ ኖሮ፣ ይህንን አፕዴት ግን በየት በኩል እንዳገኘው እንጃ፣ አገኘው። ልጁ ጎሕ ሳይቀድ የጋሼን በር አንኳኳ። ጋሼ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ወጥተው ነገሩ ሲነገራቸው፣ «ግብጽ ዓባዩ አልበቃት ብሎ እንቅልፌን ደግሞ?» አሉ።

ረዳቱ ስልኩን ይዞ ወደኔ መጣ።

«ኢንጂነር፣ ስልኬ አበደ።»

«ምን ሆነ?»

«አበደ እልሃለሁ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጀመረው ቆይቷል።»

«ስንት ሰዓት ማለት ሲገባው ስንት አለ?»

«እሱን ላንተ ነው ያመጣሁት፤ አንተ አይደለህ የተማርከው?»

አገር ያወቀው የኛ አቤቱታ ይህ ነው፤ ሐዘኑ አለ፣ ቁጣው አለ፣ ፍሬ ነገሩ የለም። የሙከራ ውጤት የሚባለው ግን ሐዘን አይጠይቅም። በምን መሣሪያ፣ በየትኛው እትም፣ ምን አድርገህ፣ ምን ጠብቀህ፣ ምን አገኘህ፣ አምስቱን መልስ ነው የሚለው። ቁጣህን ለራስህ ያዘው። እኛ ሐበሾች ስሞታ ላይ የሚደርስብን የለም፤ ለምስክርነት ስንጠራ ግን «እኔ እዚያ አልነበርኩም» እንላለን።

ምስክር ያልቆመለት ነገር ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ያው የሰዓት መዝገብ ይበቃል። መዝገቡ አንድ ጊዜ ተከስሶ ያውቃል። ከሳሹ ማን ይመስላችኋል? ኮከብ ቆጣሪ! ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በዚያው በ2011፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ አስትሮሌብ የተባለ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ድርጅት «የጥንቱን ሰዓት ከኛ አትላስ ነው የወሰዳችሁት» ብሎ ኦልሰንንና ኤገርትን አሜሪካ ፍርድ ቤት ገተራቸው። ሲታሰብ አይገርምም፤ ሰው በተወለደባት ደቂቃ ዕጣውን ለሚተነብይ ባለሙያ፣ በ1890 የአንድ ከተማ ሰዓት ስንት እንደነበር ማወቅ እንጀራው ነው። ክሱ በፌብሩዋሪ 2012 ከይቅርታ ጋር ተነሣ፤ መዝገቡም ቀደም ብሎ የኢንተርኔትን ስሞችና ቁጥሮች በሚያስተዳድረው በአይካን ጥላ ሥር ገብቶ ነበርና በሰላም ቀጠለ።

ታዲያ ስለ ኢትዮጵያ በመዝገቡ የሰፈረው ማስታወሻ መነሻው ያው የኮከብ ቆጣሪዎቹ አትላስ ነው። አትላሱ እንደሚለው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1890 ድረስ እጅግ የተቀራረቡ ስድስት የሰዓት ቀጠናዎች ነበሯት። አጤ ዮሐንስ ከግብጽና ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ፣ አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር፣ ሕዝቡ በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ በጥላ ርዝመት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ስድስት ቀጠና! በ1890 ስድስቱ ተጠቃልለው ግሪንዊችን በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሚቀድም አንድ ሰዓት ሆኑ ይላል። ይህ ቁጥር የየትኛው ቦታ ይሆን ብሎ የተጨነቀው ኤገርት፣ ምናልባት የአዲስ ደራ ይሆናል ብሎ ገመተ። አገሪቱ ወደ ዛሬው ሰዓት የተሻገረችው ደግሞ ሜይ 5 ቀን 1936 ነው ይላል አትላሱ። ቀኑን አወቃችሁት? ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት! በዚያ ቀን፣ ከተማው ተዘርፎ፣ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ጠላት በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ በ24 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ወደፊት ያዞረ አዲስ አበቤ ካለ ሐውልት ይገባዋል።

ኤገርት ሐቀኛ ሰው ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች ስሕተት ሳይሆኑ አይቀሩም ሲል እዚያው ጽፏል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋቱ ጀምረው እንደሆነም አልረሳም፤ በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ይህን ልብ እንዲል ያሳስባል። ጋሼን በአካል የሚያውቃቸው ነው የሚመስለው። ዛሬ አዲስ አበባ በመዝገቡ ውስጥ የናይሮቢ ተከታይ ሆና ትገኛለች።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ሳወራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«እኛ የት ነበርን?»

«መቼ፣ ጋሼ?»

«ይህ ሲጻፍ ነዋ! ‹ኧረ ስድስት ቀጠና አልነበረንም› የሚል አንድ ሰው ይጠፋል?»

ጠፍቷል። የጠፋውም እንዳይናገር ተከልክሎ አይደለም። ሌላው ዓለም ሥራዬ ብሎ የያዘው ይህንኑ መመስከር ነው። ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ሲፓን የሚባል የጋራ ጎተራ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ወደዚያ የገባውን ሁሉ በየማሽናቸው እየሞከሩ ውጤት ይልካሉ። ውጤቱ አራት ዓይነት ነው፦ አለፈ፣ ወደቀ፣ አይመለከተውም፣ አልታወቀም። የግዕዝ ፊደልን ከኮምፒውተር ጋር በማስታረቅ ብዙ የደከመው ዳንኤል ያዕቆብ በዚያ ጎተራ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰሉ፣ የግዕዝን ቁጥር የሚቀይሩ ሥራዎችን አስቀምጧል። እስቲ አስቡት፣ እንጀራ በዓይኑ ያላየ ሰው ማሽኑን አስነሥቶ ስለ ጳጉሜን «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብሎ ሲመሰክር። እኛ ጳጉሜን የተጠመቅንባት ልጆች ዝም ብለናል።

ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ደግሞ ከ2004 ወዲህ ከየአገሩ የተሰበሰቡ የበጎ ፈቃደኞች ማሽኖች አሉት። አዲስ ኮድ ሲገባ እያንዳንዳቸው ገንብተው፣ ሞክረው፣ ውጤቱን ይልካሉ። ማሽኖቹ የሚጠሩት በእንስሳት ስም ነው። ይህችን ቡና ቤት ውስጥ ሳወራ ሥራው ተረስቶ የስም ክርክር ሆነ። ጉምቦ አንድ ማሽን ብታስመዘግብ ምን ትባል? ረዳቱ «ጉማሬ» አለ፤ ወንዙ አጠገባችን ነው። ቡና አፍይዋ እህታችን «ስሙ ተወስዶ ቢሆንስ?» አለች። ጋሼ «ትንኝ በሉት፤ ትንኝ የወሰደብን የለም፤ ቢኖርም ትበቃናለች» ብለው ዘጉት።

ስም ተርፎን ቀልድ ተርፎን ሳለ አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ጉምቦ ለሙከራ የተፈጠረች አገር ናት። በማርች 2024 ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ መንግሥት የአገሩን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ዘግቶ ነበር። ማሽን በሙቀት ሲፈተን እንዴት እንደሚሆን ለማየት ትልልቅ ድርጅቶች ልዩ ክፍል ሠርተው ያሞቃሉ፤ እኔ መስኮት መክፈት ይበቃኛል። ዳታቤዙ ሒሳብ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ይተርፋል ወይ የሚለውን ባለሙያዎቹ ሆን ብለው ገመድ ነቅለው ይሞክሩታል፤ የኛ ጀነሬተር ያለማንም ጠያቂ ይሞክርላቸዋል። መደብሩ ውስጥ ቆሻሻ ነዳጅ የዋጠ ዕለት ጀነሬተሩ ሁለቴ ይንገጫገጫል፣ አንዴ ያስላል፣ ከዚያ ዝም። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና ስክሪኑ አብሮት ይጨልማል። ጀነሬተሩ ሲነሣ የመጨረሻው ደረሰኝ መኖር አለመኖሩን አያለሁ። ይህን ነው መላክ፤ ምን እየጻፍኩ ነበር፣ መብራቱ መቼ ሄደ፣ ስመለስ ምን ጠበቀኝ።

«መቼ» ሲባል ደግሞ ያው ጥያቄ ይመጣል። የሙከራ ውጤት ላይ ሰዓት ሲጻፍ የጁባ አይደለም፣ የአዲስ አበባ አይደለም፣ የካይሮም አይደለም፤ ዩቲሲ የሚባለው የጋራ ሰዓት ነው። «የማንን?» ለሚለው የጋሼ ጥያቄ የዓለም መልስ «የማንንም» ነው።

ጋሼ በዚህ ረክተው ዝም የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «እንግዲያስ የኛም ሰዓት ይጻፍልን፤ ምስክር ያስፈልጋል ካሉ አለን» ብለው ተነሡ። እኔም ላፕቶፑን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ በኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በስንት ሰዓት ነው? ለምሳሌ ማክሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የፈረንጁ ስልክ ረቡዕ ብሏል፤ የኛስ?

ረዳቱ ፈጠን ብሎ «ማክሰኞ ነዋ! ሳይነጋ ረቡዕ የለም፤ ቀን የሚገባው በ12 ሰዓት ነው» አለ።

«ታዲያ ‹ለረቡዕ አጥቢያ› የሚባለው ለምንድን ነው?» አለች ቡና አፍይዋ እህታችን። «ባንኩም፣ አውሮፕላኑም እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚቀይረው። መታወቂያ ላይ የልደትህን ቀን የሚጽፉልህ በሱ ነው።»

ጋሼ በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። «ሁለታችሁም አታውቁም» አሉ። «በዓል የሚገባው በዋዜማው ማታ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀኑ ተለውጧል።»

ማታ፣ እኩለ ሌሊት፣ ንጋት። ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል። ሁለተኛው ስኒ ወርዶ በረካም አልፎ አልተስማማንም፤ የጎሚስታው ባለቤት ለሽምግልና ተጠርቶ መጥቶ እሱም አራተኛ አሳብ ይዞ ገባ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይጨርስ አንድ መስመር እንኳ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ሁሉንም አሳብ፣ የትኛው በቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው በመሥሪያ ቤት፣ የትኛው በሰፈር እንደሚሠራበት፣ ከነምሳሌው አሰፈርኩት። ውጤት በሚለው ቦታ ላይ «አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ።

ረዳቱ አሻግሮ አየውና ደነገጠ። «ይህን ብለን ልንልክ ነው? አያፍሩብንም?»

«ላክ» አሉ ጋሼ። «አዲስ ደራ ናችሁ ከሚሉን፣ እንዳልተስማማን ይወቁ።»